የዘጠና ሦስቷ የኋላ እግር

ሐምሌ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ በከር መኪና ገዛ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጃፓን ሠራሽ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠና ሦስት ሞዴል። መለዋወጫ ሱቃችን በር ላይ አቁሞ ጡሩምባ ሲነፋ የጌጃ ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ከበባት። አንዱ "ጀለሴ፣ ይቺማ መሬት ትልሳለች" ይለዋል። መኪናዋን ያገኘለት ባለቤቴ ሰሚር ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ግቢ ይዞ ያገለገለ መኪና ከሚሸጥ ፍሰሐ ከሚባል ሰው ነው የተገዛችው።

በከር ነሐሴ 20 ኮምቦልቻ ላይ ኒካሁን ያስራል። ሙሽራዋን ነፊሳን በራሱ መኪና ይዟት ሊመጣ ነው። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ጻፍኩ እንጂ ቀኑን ሙሉ ስናደድ ነው የዋልኩት።

ጠዋት አንድ ሰው መጣ። መኪናው ልክ እንደ በከር ዓይነት ሆኖ የዘጠና አምስት ነው። የሚፈልገው ግን የዘጠና ሦስቱን የኋላ እግር ዘንግ። አይገባም አልኩት። ሁለቱ ሞዴሎች ከላይ ሲያዩአቸው እህትማማች ናቸው፣ ከታች ግን አይተዋወቁም። በድሮው የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እግር ይቆማሉ፤ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይሰማም። በአዲሱ ሁለቱን አንድ ድፍን ብረት አያይዟቸዋል። ጎረምሶቹ የድሮውን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ኩርባ ላይ መሬቱን አይለቅም። ይህን ሁሉ ቆሜ አስረዳሁት። ሰውዬው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ "ባልሽ የለም?" አለኝ። ሰሚር ከጓዳ ወጣና "አይገባም" አለው። "እሺ" ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ዓመት እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ለካ የቆምኩት ሰሚርን ልጠራ ነው።

ሐምሌ 5

አንድ አጭበርባሪ ኩሽኔታ ሊመልስ መጣ። ከኛ የገዛውን አዲሱን መኪናው ላይ አስሮ፣ አሮጌውን "ሰጣችሁኝ፣ ተበላሸ" ይለኛል። ቀለሙን አሳየኝ አልኩት። ከሱቃችን የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በማይታይ ጎኑ የጥፍር ቀለም እነካዋለሁ። ዘንድሮ ሐምራዊ ነው፤ አምና አረንጓዴ ነበር። ቀለም የሌለው ዕቃ የኔ አይደለም። ሰውዬው ዕቃውን ይዞ እያጉረመረመ ወጣ።

ሰሚር ሁልጊዜ ይስቅብኛል። "ብረት ትኩያለሽ" ይለኛል። ዛሬ ግን አልሳቀም።

ሐምሌ 9

እማዬን አብነት ሰፈር ቤቷ ልናደርስ በቀይዋ ሄድን። በከር ይነዳል፣ ሰሚር ጋቢና፣ እማዬና እኔ ከኋላ፣ ልጄ አማል በመካከላችን ሆና ወደ እማዬ ተጠግታ። በኔ በኩል ያለው ጎማ ጉድጓድ ገባ። የዘለለችው ግን አማል ናት፣ በወዲያኛው በኩል። ከእማዬ ጋር ተያይዘው ተነሡ። ልጅቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

"በከር፣ ይቺ መኪና ኋላዋ ልክ አይደለም። ዘጠና ሦስት እንዲህ አትዘልም" አልኩት።

"እታለም፣ መንገዱ ነው እኮ" አለኝ።

መንገዱንማ አውቀዋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ነው ያረጀሁት። ሰሚርን "አንተስ አልተሰማህም?" አልኩት። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ሐምሌ 14

ዝናብ። ሱቁ ውኃ ገባበት። ካርቶን ስናነሳ ዋልን። በከር ደወለ፤ አብነት ያሉት ጎሚስታ ጋሽ ኢታና አንዱ የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ተበልቷል ብለውታል። የፊቱን ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት አዛወረና ተገላገለ። የሚያስበው እስከዚያ ድረስ ነው።

ሐምሌ 20

ዛሬ በከር ቀይዋን ጋሽ ኢታና ጋ አቁሟት ስለነበር እኔው ራሴ ሄድኩ። ሰው እስኪታዘበኝ። ጋሽ ኢታናን "መኪናዋን በክሪክ ያንሱልኝ" አልኳቸው። "መይሙና ልጄ፣ ጭቃ ነው፣ በዚህ ቀሚስሽ?" አሉ። ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፉልኝና ገባሁ።

ድፍን ብረት።

የዘጠና ሦስቷ ሆድ ሥር የዘጠና አምስቱ ድፍን ብረት ተጋድሞ አየሁት። መኪናዋ ለዚህ ብረት የተሠራ መያዣ ስለሌላት አንዱ ባለሙያ ተብዬ ከላሜራ ጆሮ ቆርጦ፣ ስሱን ወለል ላይ በይዶ፣ እሱ ላይ አንጠልጥሎታል። በቀኝ በኩል ያለው ብየዳ ሥር ዝገት የያዘ ስንጥቅ አለ። መኪናዋ ከነሰዉ በነዚህ ሁለት ጆሮዎች ላይ ነው የምትሄደው። አንዱ ሲላቀቅ የኋላ ጎማዎቹ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። ጌጃ ሰፈር ላይ ቢሆን ከግንብ ትጋጫለች። የጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ቢሆንስ? ነፊሳን ከአንገቷ እስከ እግሯ ወርቅና ሂና አድርገው ከጎኑ ያስቀምጧታል።

ከቀኙ ጆሮ አጠገብ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ወደ ታች ጅራት ያወጣ ነጥብ። ቅጠል ይሆናል፣ በክረምት ሥር ሥሩ ይለጠፋል። እጄም ቆሽሾ ስለነበር አልነካሁትም።

ጋሽ ኢታና እጄን ይዘው አወጡኝ። "ምን አየሽ?" አሉ። "የፍሰሐን ሌብነት" አልኳቸው።

ሐምሌ 21

ለበከር ነገርኩት። "እታለም፣ ቦሎ አላት እኮ" አለኝ። ቦሎ! መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከታች ያለውን ስንጥቅ የሚይዝለት መስሎታል። ገብተህ እይ ስለው ሱሪው አሳዘነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየም።

ማታ ቤት ገብቼ ሰሚርን "በበከር መኪና ላይ ጉድ አየሁ" ከማለቴ "ተዪው መይሙ፣ ድፍን ብረት ለኛ አገር መንገድ ይሻላል። እንዲያውም ጠንካራ ነው" አለ። እኔ ድፍን ብረት አላልኩም ነበር። በከር ነግሮት ይሆናል። በከር ግን ስልኩ ጠፍቶበት ዛሬ ሙሉ ቀን ሲፈልግ ነበር የዋለው። እንግዲህ ሰፈሩ ጆሮ አለው፣ ከሰው ሰምቶ ይሆናል።

ሐምሌ 27

የማገኘው ሰው ሁሉ ያናድደኛል። የታክሲ ረዳቱ ያናድደኛል። ዝናቡ ያናድደኛል። "ለሚሊኒየሙ ምን ልትለብሺ ነው?" የምትለኝ ጎረቤቴ ታናድደኛለች። የቤቱን ሰው ሁሉ ተቆጣሁ። ሰሚርን ብቻ አልተቆጣሁም። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኔ በፊት ተነስቶ ሱቅ ይከፍታል፣ ምሳዬን ራሱ ያመጣልኛል። ጥሩ ባል ነው። ጥሩ ባል ነው እላለሁ፣ ምሳው ግን አይወርድልኝም።

ነሐሴ 2

እማዬ ጋ የሴቶች ስብሰባ። ስንት በግ፣ ስንት ምንጣፍ፣ ማን በየትኛው መኪና። "ሙሽሮቹ በቀይዋ" ተባለና እልል ተባለ። እኔ "ቀይዋ አትሄድም" አልኩ። እማዬ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "ምቀኛ ትመስያለሽ፣ ተይ" አለችኝ። "ልጅሽ ይሞታል እኮ እማዬ" አልኳት። "አፍሽን በአላህ ያዢው፣ በሰርግ ሰሞን ሞት አይጠራም። ዝም አይነቅዝም" አለች። ዝም አይነቅዝ ይሆናል። ብየዳ ግን ይነቅዛል።

ነሐሴ 6

ፍሰሐ ግቢ ሄድኩ። ብቻዬን። ሰውዬው ጥርሱን እየፋቀ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም። "የኋላ እግሯን ማን ነው የቀየረው?" አልኩት።

"እኔ ነኝ ያስቀየርኩት። የድሮው እግሯ አልቆ ነበር፣ ዕቃው ጠፋ፣ ድፍኑን አስገባሁላት። ምን አጠፋሁ?"

"ለዘጠና ሦስት አይገባም። ይገባል ያለህ ማን ነው?"

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "እህቴ፣ ብረቱ ከየት እንደመጣ ባለቤትሽ ያውቃል። ከኔ ጋር አትጣይ" አለኝ።

እሳት ለብሼ ወጣሁ። ሁሉም ያው ነው። ባልሽን ጥሪ፣ ባልሽ ያውቃል፣ ባልሽ ይምጣ። ከጠመንጃ ያዥ እስከ ቤቴ በእግሬ እየተሳደብኩ ነው የመጣሁት።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት። ደብተሩን ብዘጋው ይሻላል።

ነሐሴ 9

ገና ሳይነጋጋ ሱብሒ ሰግጄ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፣ እንግዲህ ልጻፈው።

አምና አክስቴን ላስታምም ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ከመሄዴ በፊት የዘጠና አምስት ድፍን ብረት ሱቃችን ገብቶ ነበር። በውስጥ በኩል አረንጓዴ ቀለም ስነካው አማል ክንዴን ገፋችኝና ነጥቡ ወደ ታች ተጎትቶ ጅራት አወጣ። "እማዬ፣ አይጥ ሆነ" ብላ ሳቀች። ስመለስ ብረቱ የለም። ሰሚር "ተሸጠ፣ ሰውዬው ዘጠና አምስት አለው" አለኝ። ጎሽ አልኩት።

ያየሁት ቅጠል አይደለም። ያን ቀን ጭቃው ውስጥ ተጋድሜ ቅጠል አለመሆኑን አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ፍሰሐን ስረግም፣ በከርን ስሰድብ፣ ጎረቤት ሳኮርፍ ከረምኩ። የማን ሌብነት አየሁ ነበር ያልኳቸው ጋሽ ኢታናን?

ትናንት አማል ከተኛች በኋላ ሰሚርን ጠየቅሁት። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

"ፍሰሐ ለዘጠና ሦስት ይሆናል ወይ አለኝ። በብየዳ ይይዛል አልኩት። ሌላም ሰው እንዲህ ያሠራል መይሙ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም።"

"እሺ እሱን ተወው። በከር ሲገዛት ያቺው መኪና መሆኗን አውቀሃል?"

የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ "ልጁ ወዷታል። ፍሰሐም ዋጋ ቀነሰ። ድፍን ብረት ደግሞ ጠንካራ ነው" አለ።

"ጠንካራ ከሆነ ሲገዛት ለምን አልነገርከውም?"

"ነፊሳን ሽማግሌ ሆኜ የለመንኩት እኔ ነኝ። አባቷ በኔ ቃል ነው የሰጡት። አሁን ይህን ብናገር በየትኛው ፊቴ እቆማለሁ? ሰርጉ ይለፍ፣ በቀስታ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ ቀስ ብሎ ይንዳ።"

በከር ቀስ ብሎ ይንዳ! ቀስ ብሎ ለመንዳት ነው ቀይ ባለ ሁለት በር የገዛው?

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር። የኔው ጅቡን ራሱ ይዞት መጣ። እንደዚህ ብዬ ልሰድበው እችላለሁ። ግን እኔም ትናንት "ተናገር" ብዬ አልጮህኩም። "ሰርጉ ይለፍ" ሲል ዝም ብያለሁ። ፊቱ ሲገረጣ አሳዘነኝ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ባሌን አዝኜለት በወንድሜ ነፍስ ዝም አልኩ። ከሱ በምን እሻላለሁ?

ነሐሴ 12

ምንም አልተናገርኩም።

ነሐሴ 16

በከር ሱቅ መጥቶ እየሳቀ ይነግረናል። ትናንት በዝናቡ ልደታ ጋ ሲታጠፍ መኪናዋ ቂጧን ወርውራ መንገዱን ልታቋርጥ ምንም አልቀራትም። "አራዳ መኪና እንዲህ ነው እታለም፣ ትጫወታለች" ይላል። ሰሚርን አየሁት። ሰሚር ቡሎን ይቆጥራል። የተቆጠረውን መልሶ ይቆጥራል።

በከር ሲወጣ "ሰማህ?" አልኩት።

"ሰማሁ" አለ።

"እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለህ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።"

ነሐሴ 17

አልነገረውም።

ነሐሴ 18

ነገ ሊነሱ ነው። እማዬ ግቢ ሰው ሞልቷል። የእናቴ ወንድም አጎቴ ሁመድ ከደሴ መጥተዋል፣ ሚዜዎቹ አሉ፣ ሰሚር አለ። ቀይዋ መሃል ላይ ቆማ ሪባን እየተደረገላት ነው።

ከሱቅ ክሪኩንና ያምናውን ቀለም ይዤ ነበር የሄድኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ከኋላ ገብቼ ማንሳት ጀመርኩ። በከር "ምን እየሆነች ነው?" ይላል፣ እማዬ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች። የሰርግ ልብሴን ለብሻለሁ፣ መሬቱ ርጥብ ነው፣ ተጋደምኩበት።

"አጎቴ ሁመድ፣ ይምጡ፣ ጎንበስ ይበሉ" አልኳቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ለአንዱ ሚዜ ሰጥተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከሻሼ ላይ ስፒል ነቅዬ ብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰደድኩት። እስከ ራሱ ገባ። በከርንም ጎተትኩትና አየ። መኪናዋን ከገዛ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

"ይህ ፍሰሐ ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ…" ብሎ ተነሳ።

"ፍሰሐ አይደለም" አልኩ። አረንጓዴውን ነጥብ በጣቴ ጠርጌ አሳየሁት፣ ጅራቱንም። ብልቃጡን ከጎኑ አደረግሁት። "ይህ የኔ ቀለም ነው። ብረቱ ከኛ ሱቅ ነው የወጣው። ሰሚር ሸጦታል። መኪናዋ ያቺው መሆኗን አውቆ ነው ያስገዛህ። እኔም ካወቅሁ ሰንብቻለሁ።"

ከመኪናው ሥር ሆኜ የማየው የሰዎችን ጫማ ብቻ ነበር። የሰሚር ጫማ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዞረና በግቢው በር ወጣ።

ነሐሴ 22

ሰርጉ ሆነ። በከር በኪራይ ሚኒባስ ሄዶ ነፊሳን በዚያው ይዟት ተመለሰ። ጣርማ በርን በጭጋግ ስንወጣ ነፊሳ ሚዜዋ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። እያየኋት እንባዬ መጣ። ደግሞ በዚያው ተናደድኩ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው እሷን ያየ የለም። የሚወራው ሌላ ነው። ሴቶቹ ሳህን እያጠቡ "ባሏን በአደባባይ" ይላሉ፣ ስገባ ዝም ይላሉ። "እሷም ቤቷ ውስጥ ብትነግረው ምን ነበር?" አለች አንዷ። በከር ሰላም አላለኝም። ሰሚር ከወንዶቹ መጨረሻ ተቀምጦ አንድ ጉርሻ አልበላም። ነፊሳ ብቻ ስትሰናበተኝ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

ነሐሴ 27

ሽማግሌዎች ተቀመጡብን። አጎቴ ሁመድና ሁለት የሰፈር አባቶች። ረመዳን ደጅ ላይ ነው፣ ቂም ተይዞ አይጾምም አሉ። ይህን እኔም አምናለሁ። ከዚያ ፍርዱ መጣ። ሰሚር ጥፋቱን አምኗል፣ በከርን ይቅርታ ይጠይቅ፣ የመኪናዋንም እግር ያሠራ። መይሙና ደግሞ ባሏን ሰው ፊት ስላዋረደች ተነስታ ይቅር በለኝ ትበል። ከዛሬ በኋላ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን።

ሰሚር ተነስቶ በከርን ይቅርታ ጠየቀ። ድምፁ አይሰማም ነበር። በከር ተነስቶ ሳመው። ወንዶች እንዲህ ነው የሚጨርሱት።

"እሺ መይሙና" አሉ አጎቴ።

ተነሳሁ። ሰሚርን አልፌ በከር ፊት ቆምኩ። "እያወቅሁ ዝም ብዬ እንድትነዳ ስለተውኩህ ይቅር በለኝ" አልኩት። በከር አንገቱን ደፋ። "ለባልሽ ነው ያልነው ልጄ" አሉ አጎቴ ሁመድ።

"አጎቴ፣ እርስዎ ተንበርክከው አይተዋል። ስፒሉ እስከ ራሱ ሲገባ አይተዋል። እኔ ያዋረድኩት ሰው የለም። የነበረውን ነው በክሪክ ያነሳሁት። ቂም አልያዝኩም፣ ንዴት ነው የያዝኩት፣ እሱን ደግሞ ፆም አይከለክልም።"

አንደኛው አባት ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አጎቴ አልሳቁም። የመዝጊያውን ፋቲሓ ሳይቀሩ ተነሱ።

ጳጉሜ 2

በከር ሱቅ መጣ። ከሰርጉ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "እታለም፣ የዘጠና ሦስት የኋላ እግር ሙሉው ይገኛል?" አለኝ። "ተራ ደንበኛ ነህ፣ ተሰለፍ" አልኩት። ቀኑን ሙሉ አብረን ፈለግን። ግራውን ከአንድ መኪና አራጅ፣ ቀኙን ከሌላ። ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ሐምራዊ ቀለም ነካኋቸው። ሲታሰሩ ጋራዡ ሄዶ መኪናዋ ሥር ገብቶ አየ። ሱሪውን አላሳዘነውም።

ጳጉሜ 3

ሰሚር ያን ድፍን ብረት ከጋራዡ አስመጣው። ኩሊ አልጠራም፣ ከጋራዡ ልጅ ጋር ተሸክሞ ነው ያስገባው። በር ጥግ ላይ አቆመው፣ አረንጓዴው ነጥብ ወደ ውጭ ዞሮ። ምን ሊያደርገው እንዳሰበ አልጠየቅሁም። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ ዕቃ ብቻ ነው።

ይቅር አላልኩትም። ልጽፈው ፈልጌ ነው፣ ነገ ሳነበው ይቅር ብያለሁ ብዬ እንዳልዋሽ። ምሳ ያመጣልኛል። እበላለሁ።

ጳጉሜ 5

ገበያው ደርቷል፣ ሰው ሁሉ ለአዲሱ ዓመት መኪናውን ሊያሳምር ነው። ከሰዓት አንድ ቸኩሎ የመጣ ሰው በሩ ላይ ያለውን ብረት አይቶ ቆመ። እጁን ሰደደበት፣ ነቀነቀው።

"ይህ ለዘጠና ሦስት ይሆናል አይደል? በብየዳ ይይዛል አሉኝ" አለ። በኔ ላይ አሻግሮ ሰሚርን ነው የሚጠይቀው።

ሰሚር ቡሎን እየለየ ነበር። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሰውዬውን።

"እሷን ጠይቃት" አለው።

ሰውዬው ያልገባው መስሎ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ሌላ ሰው ካለ ብሎ ጓዳውን አየ። ሌላ ሰው የለም። ወደኔ ዞረ።

"ይሆናል?" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት።